ጀርባ የሚያስደግፍ እሳት

ሥራ ያቆምኩት ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ ነው። ምድጃ ሠሪ በዕድሜው ከቆመበት ሰዓት የተንበረከከበት ይበልጣል። ሐኪሙ የጉልበቴን ራጅ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው ቆየና «አባባ፣ ካህን ነዎት?» አለኝ። ግንበኛ ነኝ አልኩት። «እንዲህ ያለ ጉልበት ስግደት በሚያበዙ አባቶች ላይ ነው የማየው» አለና ከእንግዲህ ተንበርክኬ እንዳልሠራ አዘዘኝ። ቆሜ የምሠራው ሥራ ደግሞ አልነበረኝም።

ስሜ ተክሌ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚህ ስም ብቻ ጠይቆ የሚያገኘኝ የለም። «ተክሌ ምድጃ» ካሉ ግን ባጃጅ ነጂው ሁሉ ቤቴን ያሳያል። መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ በቆየሁባቸው ዓመታት በደመወዝ ዝርዝሩ ላይ «ግንበኛ» ተብዬ ነው የኖርኩት፤ ምድጃ ሠሪ የሚል መደብ አልነበረም።

ምድጃ ስል ጉልቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ ስሠራ የኖርኩት ሰዉ «የፈረንጅ ምድጃ» የሚለውን ነው። ቁም ሣጥን ያህላል፤ ውስጡ ጡብ ነው፣ ውጪው ከላይ እስከ ታች በአራት ማዕዘን ሸክላ የተለበጠ ነው። እሳቱ በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ይነድዳል። ጢሱ ግን እንደ ጎጆ ቤት ጢስ ዝም ብሎ አይወጣም። ውስጥ ለውስጥ በተሠራለት መንገድ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፤ በሄደበት ሁሉ ሙቀቱን ለጡቡና ለሸክላው እያስረከበ ነው የሚሄደው። ከዚያ ፍሙ ፈጽሞ ሲከስም በጭስ ማውጫው አንገት ላይ ያለውን የብረት መዝጊያ ይገፉታል። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ይቀራል። በማግስቱ ጠዋት ሸክላውን ቢነኩት ገና ለብ እንዳለ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሆኜ በደርግ ጊዜ ነው። ከደብረ ብርሃን ዳር አንድ መጋዘን እንገነባ ነበር። በግቢው ጥግ ድሮ አንድ ፈረንጅ የእንስሳት ሐኪም የኖረበት የድንጋይ ቤት አለ። በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ውርጩ ባልዲ ውስጥ ያደረውን ውኃ በረዶ አድርጎት፣ እጃችን ድንጋይ አልይዝ ብሎ ሳለ፣ የሥራ አለቃችን ወንፊት እንዳመጣ ወደዚያ ቤት ላከኝ። በሩን ገፋ አድርጌ ስገባ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው አረንጓዴ ግድግዳ ተደግፈው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ቤቱ ይሞቃል። ፍም ግን የለም፣ ጢስም የለም።

«እሳቱ የታለ?» አልኳቸው።

«ትናንት አለቀ።»

«ታዲያ ይሄ ሙቀት?»

«የትናንቱ ነው። ና እስቲ፣ ደገፍ በል።»

ጀርባዬን አስደገፍኩ። ፍም ፊትን ይጠብስና ጀርባን ለብርድ ይተዋል፤ ይሄ እንደዚያ አልነበረም። በግ እንዳቀፉ ዓይነት ሙቀት ነው፤ ቀስ ብሎ በኮቱ አልፎ ትከሻዬ መሀል ገባ። ወንፊቱን ረሳሁት። አለቃችን ተቆጥቶ ፍለጋ መጣ፣ እሱም «ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ተደገፈ። ሦስታችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን።

ሰውዬው ጋሼ ወንድሙ ነበሩ። በወጣትነታቸው ለፈረንጁ ድንጋይና ጭቃ ሲያቀብሉ ነው ሥራውን የተማሩት። ፈረንጁ አረንጓዴዎቹን ሸክላዎች ከአገሩ በሣጥን አስመጥቶ፣ ብርዱ የእናቱን ቤት እያስታወሰው፣ ምድጃውን በገዛ እጁ ሠራ። ሲሄድ ቤቱንም ምድጃውንም ትቶ ሄደ። ጋሼ ወንድሙ ከዚያ ወዲያ የግቢው ጥበቃ ሆነው ያንን አንድ ምድጃ ሲያነዱና ሲጠግኑ ኖሩ። መጋዘኑ አልቆ ሌሎቹ ሲበተኑ እኔ እሳቸው ዘንድ ቀረሁ።

እንደ እሳቸው ቀርፋፋ ሠራተኛ አላየሁም፤ እንደ እሳቸው ሥራው የማይፈርስበትም አላየሁም። ሸክላ ከመለጠፋቸው በፊት እያንዳንዱን በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ጥርት ብሎ የጮኸውን ወደ ቀኝ፣ ድምፁ የታፈነውን ወደ ግራ ያስቀምጡታል። የግራው ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ ዓይን ባያየውም እሳት ያገኘዋል። የሸክላው ጀርባ እንደ ሣጥን ጎድጓዳ ስለሆነ እሱን በጭቃና በጠጠር ይሞላሉ፣ ከጎረቤቱ ጋር በሽቦ ያስሩታል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ አይናገሩም። ቱንቢው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው ይሉ ነበር።

ሲሚንቶን አያስነኩም፤ ጭቃ፣ አሸዋና የደቀቀ ጭድ ብቻ ነው። ኋላ ለመሥሪያ ቤት ምድጃ ስንሠራ አንድ መሐንዲስ አለቃ ነበረን፣ በትምህርቱ የሚኮራ፣ ክፉ ሰው ግን አልነበረም። «በጭቃ የተሠራ ነገር አልረከብም» ብሎ በሲሚንቶ አሠራን። ጋሼ ወንድሙ አልተከራከሩም። ሦስተኛው ቀን እሳት ላይ ምድጃው ከላይ እስከ ታች ጥይት እንደተተኮሰ ጮኾ ተሰነጠቀ። መሐንዲሱ ሮጦ ሲመጣ እሳቸው መጥረጊያ ይዘው ሸክላውን እየለቀሙ ነበር። «ጭቃው ተቦክቷል፤ ከትናንት ጀምሮ» አሉት። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው በሥራችን አልገባም።

መጀመሪያ ሌላ ሰው ምድጃ ሲፈልግ የገጠመን ችግር ሸክላው ነበር። ከፈረንጅ አገር የሚያስመጣልን የለም። ጋሼ ወንድሙ ከአንኮበር በታች ወዳለ መንደር ይዘውኝ ወረዱ፣ ወይዘሮ ጦቢያ የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ዘንድ። ወይዘሮ ጦቢያ አረንጓዴውን ሸክላ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የእናንተ ነገር ድስት ነው ወይስ ግድግዳ?»

«ድስት ሆኖ የሚቆም ግድግዳ ነው» አሏቸው ጋሼ ወንድሙ።

የመጀመሪያዎቹ ሃያዎቹ ሲተኮሱ ተጣመሙ። ሁለተኛዎቹ ተሰነጠቁ። በሦስተኛው ወይዘሮ ጦቢያ አሮጌ ገል ወቅጠው እንደ ዱቄት አድርገው ከአፈሩ ጋር ለወሱት፤ «አንዴ እሳት ያየ አፈር አዲሱን ያረጋጋዋል» አሉ። እነዚያ ቆሙ። አረንጓዴ አልነበሩም፤ የሚያብረቀርቅ ቀለም አናውቅበትም። በለስላሳ የወንዝ ድንጋይ እያሹ ወደ ጥቁርነት ያደላ ቀይ አደረጓቸው። ለእኔ ከፈረንጁ ይልቅ ያምሩ ነበር። በዚያ መንደር ሸክላ ሠሪ ነች ብለው ከወይዘሮ ጦቢያ ጋር በአንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሰዎች ነበሩ። እነዚያው ሰዎች ደብረ ብርሃን ዘመድ ጥየቃ ሲመጡ ጀርባቸውን በእሳቸው ሸክላ ሲያሞቁ አይቻለሁ። ለእሳቸው ብነግራቸው «ይሙቃቸው» አሉ።

ጋሼ ወንድሙ ሁለት ልማድ ነበራቸው፤ ያን ጊዜ እንደ ሽማግሌ ጠባይ ነበር የማያቸው። አንደኛው፣ የብረት መዝጊያውን ጥግ ሁለት ጣት በሚያሾልክ ስፋት ይቆርጡታል። መዝጊያው ሙሉ በሙሉ ቢገፋም ምድጃው ትንፋሽ አለው። ሁለተኛው፣ ሥራው ሲያልቅ አይሄዱም። ባለቤቱ ምሳ ይጋብዛቸዋል፣ ያመሰግናቸዋል፣ እሳቸው ግን «እሳቱን የሚያነደው ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የቤት ሠራተኛም ትሁን የቤት እመቤት እሷን ያስጠራሉ። ቁጭ አድርገው እሳቱ እስኪያልቅ አብረዋት ይጠብቃሉ። ሰማያዊ ነበልባል ካለ አይዘጋም፤ ቀይ ካለ አይዘጋም፤ አመድ ብቻ ሲሆን ይዘጋል። ሦስቴ ያስደግሟታል። አንዳንዴ ግማሽ ቀን ያልቃል። እኔ መሣሪያ ሰብስቤ በር ላይ ቆሜ እቁነጠነጥ ነበር።

ብቻዬን መሥራት ስጀምር ፈጣን ሆንኩ። ሰዉም ወደደኝ። አንድ ደንበኛ በመዝጊያው ክፍተት ሙቀቱ እያመለጠ ነው ብሎ ሲያማርረኝ ነገሩን አሰብኩበትና፣ ከዚያ በኋላ የሠራኋቸው ሦስት ምድጃዎች ላይ መዝጊያውን ሳልቆርጥ ገጠምኩት። ከጋሼ ወንድሙ ምድጃ የእኔ ይበልጥ እንደሚያሞቅ ሰው ሲናገር ደስ ይለኝ ነበር። ይህን አልደብቅም።

ሦስተኛው መዘዞ ከተማ ነው የተሠራው፣ ቄስ መንግሥቱ ቤት። ቄሱ ምድጃውን ያሠሩት ለእናታቸው ነው። እናትየው እማማ ዘነበች ቁርጥማት ይዟቸው ክረምትና በጋ ፀሐይ ሲከተሉ የሚውሉ አሮጊት ነበሩ። የቄሱ ሚስት አስካለ ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እማማ ዘነበች የሚቀመጡበት መደብ ከምድጃው ጋር አያይዤ ሠራሁላቸው፤ ሸክላውን በመዳፋቸው እየዳበሱ መረቁኝ። ጥምቀት ቀርቦ ስለነበር ቸኮልኩ። ቄሱን በር ላይ አግኝቼ «ፍሙ ሳይጠፋ እንዳይዘጋ» አልኳቸው፤ እሺ አሉ። መኪና ያዝኩና ሄድኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከመዘዞ የመጣ ሰው ቤቴ በር ላይ ቆሞ ነገረኝ። እማማ ዘነበች ሞተዋል፤ አስካለ ሐኪም ቤት ናት፤ ምድጃው ነው አለ።

የሆነውን በኋላ ከራሷ ከአስካለ ሰማሁት። ቄሱ ቅዳሴ ሄደዋል። እሷ እሳቱን አንድዳ ነበልባሉ ሲያልቅ እማማ ዘነበች «ልጄ፣ ሙቀቱ ሳያመልጥ ዝጊው» አሏት። ፍሙ ቀይ ነበር። ዘጋችው። ጥቂት ቆይቶ ራሷን ወጋት፤ የዓርብ ጾም ስለነበረ ከባዶ ሆዷ መሰላት። ውኃ ልትቀዳ ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት፤ ደጃፉ ላይ ወደቀች። ግማሽ አካሏ ውጪ ነበር፤ ያተረፋት እሱ ነው። ጎረቤት ደርሶ ሲያነሳት እማማ ዘነበች መደቡ ላይ ሸክላውን እንደተደገፉ ነበሩ።

ስደርስ ቄስ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ለለቅሶ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«እንዳይዘጋ የነገርከው ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለእርስዎ፣ አባ።»

«እኔ እኮ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ነኝ።»

ይህንኑ ብቻ ነው ያሉት። ድምፃቸው አልጨመረም። ፖሊስ ቃሌን ተቀበለኝ፤ ቄሱ ክስ የለኝም ብለው ፈረሙ። ያ ፊርማ ሸክሙን አላቀለለልኝም።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ለጋሼ ወንድሙ ነገርኳቸው። ያኔ አርጅተው ከቤት እምብዛም አይወጡም።

«መዝጊያውስ?» አሉኝ።

«አልቆረጥኩትም።»

«ሌላስ ያልቆረጥከው አለ?»

«ሁለት። አንድ እዚሁ፣ አንድ ሰላ ድንጋይ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ዱላቸውን አንስተው «መጋዝህን ያዝ» አሉ።

የደብረ ብርሃኑን የዚያኑ ዕለት ቆረጥነው። በማግስቱ ሰላ ድንጋይ ወጣን። ባለቤቱ ነጋዴ ነበር። ጋሼ ወንድሙ በጎኔ ቆመው «አንተ ተናገር» አሉኝ። መዘዞ የሆነውን፣ እኔ ያደረግኩትን ነገርኩት። ሰውዬው ፊቱ ተለዋወጠ። «ልጆቼ በሚተኙበት ቤት ገዳይ አቁመህብኝ ነው የሄድከው?» ብሎ በሩን ዘጋብን። ለመመለስ ስነሳ ጋሼ ወንድሙ ደጁ ላይ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ የሚቆርጥ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። በመጨረሻ ሰውዬው ሽማግሌ ደጁ ላይ በብርድ ማየት ከብዶት ከፈተልን። ቆረጥኩት። ከዚያ ሚስቱን ጠርተን እሳት አንድደን እስኪያልቅ ጠበቅን፣ ሦስቴ አስደገምኳት።

ጋሼ ወንድሙ ስለዚያ ጉዳይ ከዚያ ወዲያ አንስተውብኝ አያውቁም። ዓመቱ ሳይዞር አረፉ።

የመዘዞውን ምድጃ ግን ልቆርጠው አይደለም፣ ላፈርሰው ነው የሄድኩት። አስካለ ከሐኪም ቤት ወጥታ ነበር። ከስታለች። መዶሻዬን ሳወጣ ምድጃው ፊት መጥታ ቆመች።

«አይፈርስም» አለችኝ።

«ለምን? እንዴት ታዪዋለሽ ከእንግዲህ?»

«ይሄ ከፈረሰ ሰው የሚያየው እኔን ነው። አማቷን ዘግታ የገደለች ይሉኛል። እያሉኝም ነው። እኔ ምን እንዳጠፋሁ እንኳ አላውቅም፤ የነገረኝ የለም።»

መዶሻውን አስቀመጥኩ፣ መዝጊያውን ቆረጥኩና ቁጭ በይ አልኳት። ቀድሞ ማስተማር የነበረብኝን ያኔ አስተማርኳት። እያንዳንዱን ነገር ጠየቀችኝ። የታፈነ ፍም ጋዝ ለምን ይገድላል፣ ለምን አይሸትም፣ ራስ ምታቱ ለምን ይቀድማል። የማላውቀውን አላውቅም አልኳት።

ስጨርስ «ይሄን በአርባው ቀን ትናገራለህ» አለችኝ።

በተዝካሩ ቀን ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ካህናቱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ ቄስ መንግሥቱ ወደ እኔ አመለከቱ። ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ተነሥቼ ቆሜ «አስካለ አላጠፋችም» አልኩ። «መዝጊያውን በትክክል ያልሠራሁት እኔ ነኝ። እሷን ያላስተማርኳትም እኔ ነኝ። እሳት የምታነደው እሷ እንደሆነች እያወቅኩ ለሷ አልነገርኳትም።» አንድ አሮጊት ማልቀስ ጀመሩ። ተቀመጥኩ። አስካለ ከሴቶቹ መካከል ነጠላዋን አጣፍታ መሬት መሬት ታያለች። ቀና አላለችም፤ ትከሻዋ ግን ወረድ ሲል አየሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ልተው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ድንጋይ ብቻ ገነባሁ። ይሄ ምድጃ ግን የሚፈልገው ሰው አያጣም፤ የሰሜን ሸዋን ደጋ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ የብርድ ልብስና የጋቢ ሸማኔ ሱፉ አልደርቅ እያለው አስቸግሮት ለመነኝ። እንቢ አልኩት። ከዚያ መዘዞ ሄጄ አስካለን አማከርኳት።

«ሥራለት» አለችኝ። «ማስተማሩን ግን ለብቻህ አትችለውም። ሴቶቹ አንተ ስትናገር እሺ ይላሉ እንጂ አይጠይቁም። እኔ እመጣለሁ።»

መጣች። ያን ጊዜ የጀመርነው እስከ ሥራዬ መጨረሻ ድረስ ቀጠለ። ምድጃ ባለቀ ቁጥር እደውልላታለሁ፤ ወይ በሚኒባስ ትመጣለች፣ ወይ ሄጄ አመጣታለሁ። እኔ ስለ ሸክላና ስለ ጢስ መንገድ እናገራለሁ። እሷ ራስ ምታቱ ከየት እንደሚጀምር፣ ጉልበት እንዴት ሳይታወቅ እንደሚከዳ ትናገራለች። እሷ ስትናገር የሚያዛጋ ሰው አላየሁም። ምድጃው ከተሠራላቸው ቤቶች በአንዱም ከዚያ ወዲያ ሰው አልተጎዳም።

ጉልበቴ ሊከዳኝ አንድ ዓመት ሲቀረው አንኮበር ላይ የእንግዳ ማረፊያ የሚሠራ ሰው ጠራኝ። በአዲስ አበባ የከበረ፣ ለአገሩ ነገር ደግ የሆነ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቶ ነበር፤ መብራቱ ሲጠፋ እንግዶቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው እራት እየበሉበት ተቸገረ። ሸክላውን የወይዘሮ ጦቢያ ልጅ ሠራችልኝ፤ እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። ወር ፈጀ። መጀመሪያ በጭድ፣ ከዚያ በጭራሮ፣ ከዚያ በግማሽ እንጨት እየነደደ ደረቀ። ባለቤቱ በየቀኑ እየመጣ በመዳፉ ይዳብሰው ነበር፤ ይሄን ያህል ገንዘብ ያወጣበት ሌላ ዕቃ እንዲህ አላስደሰተውም።

በመጨረሻው ቀን አስካለ መጣች። ጠጉሯ ሸብቷል። እሳቱን የሚያነደው ማነው ብላ ጠየቀች። ባለቤቱ «እኔ ራሴ አዝዛለሁ» አለ። የሚያዘውን ሳይሆን የሚያነደውን ነው የጠየቅኩት አለችው። የጽዳት ሠራተኛዋ ተጠራች፣ ገነት የምትባል፣ ከአሊዩ አምባ በኩል የመጣች ዝምተኛ ሴት። እሳቱ እየነደደ ሦስቱም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ እኔ ጉልበቴን ዘርግቼ ከጎን።

ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረና «ለመሆኑ ሰው ጎድቶ ያውቃል?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። «አንድ እናት ሞተዋል። የሠራሁት እኔ ነበርኩ። የአስካለ አማት ናቸው።»

ሰውዬው አስካለን አየ፣ መልሶ እኔን አየ። ገነትም እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። አስካለ ግን ዓይኗን ከምድጃው አፍ ላይ አላነሳችም። ነበልባሉ ወርዶ ነበር።

«በይ እስቲ ገነት» አለች፣ «ጎንበስ ብለሽ እይው። ይዘጋል?»

ገነት ጎንበስ ብላ ቆየች።

«ከወደ ኋላ ቀይ አለ» አለች።

«እንግዲያው እንጠብቃለን» አለች አስካለ። ጠበቅን።